«ኦኩፔሽናል ቴራፒ» ለመማር ከመመዝገባችሁ በፊት

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ሰሞን ጅግጅጋ ውስጥ ሐኪምን መንገድ ላይ የሚያስቆሙት ሕመምተኞች ብቻ አይደሉም። ልጆቻቸው ፈተናውን ያለፉላቸው ወላጆችም ናቸው። ጥያቄያቸው ለዓመታት አንድ ነበር፤ «ሕክምና ይደርሰዋል ወይ?» የሚል። አይደርሰውም ከተባለ ፋርማሲ፣ ነርሲንግ፣ ላቦራቶሪ እየተባለ ይወረዳል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሌላ ስም መሰማት ጀምሯል። ሚኒሶታ ወይም ለንደን ያለ ዘመድ ይደውልና «ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባል ትምህርት አለ፤ ልጁን እሱን አስተምሩት» ይላል። ወላጅም ስሙን በቅጡ ሳይዘው ወደ እኛ ይመጣል። «ዶክተር፣ ይሄ የሥራ ሕክምና የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ያዋጣል?»

የዛሬው ጽሑፌ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ያዋጣል፤ ነገር ግን በትክክለኛው ቦታ ከተማራችሁት ነው። ትክክለኛ ቦታ ስል ስለ ሕንፃው ማማር ወይም ስለ ኮሌጁ ዝና አይደለም የማወራው። ተማሪው በባለሙያ እየታየ፣ ከታካሚ ጋር ስንት ሰዓት ይሠራል? ከክፍያውም፣ ከቆይታውም፣ ከዲፕሎማው ስምም በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

አስቀድመን ስሙን እናጥራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። «ኦኩፔሽን» ሲባል የደመወዝ ሥራ ይመስለናል። ስለዚህ አንዳንዱ ሥራ ፈላጊን ከቀጣሪ የሚያገናኝ ሙያ ይመስለዋል፤ ሌላው በፋብሪካ የሠራተኛን ደህንነት ከሚጠብቀው ሙያ ጋር ያምታታዋል፤ ጥቂት የማይባለው ደግሞ ማሳጅ ነው ብሎ ያምናል። ሦስቱም አይደለም። በዚህ ሙያ ቋንቋ «ኦኩፔሽን» ማለት ሰው ከእንቅልፉ ከነቃበት እስከሚተኛበት ድረስ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ነው። መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ መጸዳዳት፣ መስገድ፣ ሻይ ማፍላት፣ ልጅ ማቀፍ፣ ፍየል ማለብ፣ ሱቅ ከፍቶ መዋል። ለሕፃን ደግሞ ጨዋታው ራሱ «ኦኩፔሽን» ነው። ባለሙያው በሕመም፣ በአደጋ ወይም በአፈጣጠር ምክንያት ከእነዚህ የተቆረጠውን ሰው መልሶ ያገናኛል።

በምሳሌ ላስረዳ። የደም ግፊት እንዳለባቸው ሳያውቁ የኖሩ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አባት ስትሮክ ይመታቸዋል፤ ቀኝ ጎናቸው ይደክማል። ሆስፒታል ይገባሉ። ግፊቱ ይወርዳል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ሕይወታቸው ይተርፋል። ዕድለኛ ከሆኑ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አግኝተው መራመድ ይጀምራሉ። በእኛ በሐኪሞቹ ወረቀት ላይ «ተሽሏቸው ወጥተዋል» ተብሎ ይጻፋል። ቤት ሲገቡ ግን ሽርጣቸውን ማሠር አይችሉም፤ ሽርጥ ለማሠር ሁለት እጅ ያስፈልጋልና። ቁርሳቸውን በቀኝ እጃቸው መጉረስ አይችሉም። ውዱእ ማድረግ አይችሉም። የመፀዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ላይ መቀመጥ አይችሉም። ስለዚህ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው መዋል አለበት። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሴት ልጃቸው ናት፤ ትምህርቷንም የምታቋርጠው እሷ ናት። አንድ ስትሮክ ሁለት ሰው ቤት አስቀመጠ ማለት ነው።

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው እኛ «ጨረስን» ያልንበት ቦታ ላይ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትከሻው እንዲነሳ ይደክማል፤ ይሄኛው ደግሞ የተነሳው ትከሻ ኩባያውን ወደ አፍ እንዲያደርስ ይደክማል። ትከሻው አልነሳም ካለ ኩባያውን ይቀይራል። የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎ ያወፍረዋል። ለሽርጡ ላስቲክ ወይም የሚጣበቅ ጨርቅ ያሰፋለታል። መሐሉ የተበሳ ወንበር ከአናጺ ጋር ሆኖ ያሠራና ጉድጓዱ ላይ ያስቀምጣል፤ ግድግዳው ላይ የሚጨበጥ ብረት ያስመታል። አብዛኛው መሣሪያው ከገበያችን የሚገኝ፣ ከውጭ እስኪመጣ የማይጠበቅ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ለጅግጅጋ፣ ለቀብሪደሃር ሳይሆን ለእኛ ለሰሜኖቹ፣ ማለትም ለቀብሪበያህ፣ ለአውበሬ፣ ለቶጎ ውጫሌ፣ ለሽንሌና ለኤረር ልጆች ለምን እንደምመክረው ልናገር። ቀብሪደሃርና ጎዴ አያስፈልጋቸውም ለማለት አይደለም፤ እኔ የማውቀውን አካባቢ ልናገር ብዬ ነው።

ከላይ ያነሳኋቸው አባት ቀኝ እጃቸው ደክሟል። ከመጽሐፍ የተማረ ባለሙያ የመጀመሪያ ምክሩ «በግራዎ መብላት ይለማመዱ» ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ቀላል ምክር አይደለም። ግራ እጅ ለመጸዳዳት የተለየ ነው፤ በግራ የሚበላ ሽማግሌ ከጋራ ማዕድ ራሱን ያርቃል፤ ብቻውን መብላት ይጀምራል፤ ከዚያ መብላቱንም ይቀንሳል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ምን ያደርጋል? ከሼኩ ጋር ይነጋገራል። ሕመምተኛ በግራው ቢበላ፣ ተቀምጦም ቢሰግድ እንደማይነቀፍ ሃይማኖቱ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሽማግሌው ግን ከሐኪም አፍ ሳይሆን ከሼኩ አፍ መስማት ይፈልጋሉ። ቀኙን የማሠልጠኑም ሥራ ጎን ለጎን ይቀጥላል። ይህን ሁሉ ለማድረግ «አዴር» ብሎ ቀርቦ፣ በሶማሊኛ አዋርቶ፣ ምንጣፍ ላይ አብሮ ተቀምጦ፣ ሻዩን ጠጥቶ ነው። በአስተርጓሚ መሥራት ይቻላል፤ በደንብ መሥራት ግን አይቻልም። አንጎል ቀዶ የሚያክም ሐኪም የታካሚውን ቤት ባያውቅ ይምረው ይሆናል፤ ይህ ሙያ ግን ቤቱን ካላወቀ ባዶ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ ከእናንተ የተሻለ ሊሠራው የሚችል ሰው የለም።

የሚሠራለትስ ሰው አለ ወይ ለሚል፣ አንድ ቀን ከተማችንን ዞር ብሎ ማየት ይበቃዋል። ባጃጅ የገለበጠው ወጣት፣ በወሊድ ጊዜ ታፍኖ አንገቱ የማይቆምለት ሕፃን፣ ከሰል ምድጃ ላይ ወድቃ ጣቶቿ ተኮራምተው የተጣበቁ ልጅ፣ በስኳር በሽታ እግሩ የተቆረጠ ነጋዴ፣ አእምሮው ታሞ ለዓመታት ከሰው የተለየ ወንድም። ክልላችን ከአፋርና ከትግራይ ጋር በፈንጂ ጉዳት በአገሪቱ ክፉኛ ከተመቱት አንዱ እንደሆነም መዘንጋት የለበትም። በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በሸደር መጠለያዎች ያሉ ስደተኞችንም ጨምሩበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 2 ነጥብ 4 ቢሊዮን ሕዝብ የተሐድሶ አገልግሎት ሊጠቅመው በሚችል የጤና ሁኔታ ውስጥ ይኖራል፤ በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ የሚደርሰው ባለሙያ ከ10 በታች ነው።

ነገሩ ለአካባቢያችን ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለትም አይቻልም። ከሐረር ወጣ ብሎ የሚገኘው ቢሲዲሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲቋቋም፣ አዲስ አበባም አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ የታወቀ ነበር። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ትኩስ ድስት ሳያቃጥለው እንዴት ይይዛል? እርሻውን እንዴት ያርሳል? ይህ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ጥያቄ ነው። ስሙ ብቻ ነው የዘገየው።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። በአገራችን ኦኩፔሽናል ቴራፒን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር የጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በተመሠረተ ትብብር የመጣ ፕሮግራም ነው። ጎንደር ፊዚዮቴራፒን ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማረ፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶም ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ አጀማመሩ ከባዶ አይደለም። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ ከሆነ ምርጫ ስትሞሉ ይህን አስቡ፤ የትምህርት ክፍል የሚለየው በአብዛኛው ከአንደኛው ዓመት በኋላ በውጤት ስለሆነ፣ ጎንደር መመደብ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የመጀመሪያ ዓመት ውጤታችሁን አጥብቃችሁ ያዙ።

«ጎንደር ሩቅ ነው» የሚለኝ ወላጅ ብዙ ነው። ሐሰት አይደለም። ከጅግጅጋ አዲስ አበባ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደግሞ ከሰባት መቶ በላይ። የመንገዱ ጸጥታም ሰውን ያሳስባል፤ ይህን ስጋት እንደ ፍርሃት ቆጥሬ የማጣጥል ሰው አይደለሁም። ሴት ልጅን ያን ያህል ማራቅ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ውሳኔ ነው። ሆኖም ሕክምና ቢደርሳት ግን ጎንደርም ቢሆን፣ መቀሌም ቢሆን፣ የትም ቢሆን ሽኝት ተደግሶ እንደምትላክ አውቃለሁ። እንግዲህ ርቀቱ ነው ወይስ ስሙ የከበደው? ቤታችሁ ተነጋገሩበት።

የጎንደር በር ባይከፈትስ? እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው የሚጀምረው። የ12ኛ ክፍል ፈተናን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ያለፈው በ2015 ዓ.ም. 3 ነጥብ 2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5 ነጥብ 4 ከመቶ ተፈታኝ ብቻ ነው። ከዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆነው ወጣት ሌላ በር ያንኳኳል ማለት ነው። በየግድግዳው የሚለጠፈው፣ በየቴሌግራሙ የሚላከው የአጭር ጊዜ ኮርስ ማስታወቂያም የሚያነጣጥረው በዚህ ወጣት ላይ ነው። «በሦስት ወር ቴራፒስት ይሁኑ» የሚል ነገር ስታዩ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። በሦስት ወር ማሳጅ መማር ይቻል ይሆናል፤ ስትሮክ የመታውን ሰው ትከሻ መያዝ ግን አይቻልም። አላግባብ የተጎተተ የደከመ ክንድ ከመጋጠሚያው ይንሸራተታል፤ ሕመሙ ለዓመታት ይቆያል። እንዲህ ተጎትተው የመጡ ትከሻዎች ለማናችንም ሐኪሞች አዲስ አይደሉም።

አንድ ኮሌጅ ይህን ወይም ተቀራራቢ ትምህርት እሰጣለሁ ሲላችሁ መጀመሪያ የፕሮግራሙን ዕውቅና ጠይቁ። «ኮሌጁ ፈቃድ አለው» የሚለው መልስ አይበቃም። ዕውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለሚሰጥበት ግቢ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ግቢ ስለተፈቀደለት የጅግጅጋው ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ዲግሪ ከሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ በጤናው ዘርፍ ደግሞ ሥራ ለመጀመር የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈተና የማያስቀምጥ፣ ፈቃድ የማያስገኝ ወረቀት ግድግዳ ከማሳመር አያልፍም።

ዋናው ግን ያልኳችሁ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የዓለም የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ለትምህርቱ ዝቅተኛ መመዘኛ አውጥቷል፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ቢያንስ 1 ሺህ ሰዓት በሙያው ባለቤት ቁጥጥር ሥር በተግባር መሥራት አለበት ይላል። በቀን 8 ሰዓት ብንይዝ 125 የሥራ ቀን፣ ወደ ስድስት ወር ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ በደፈናው «የተግባር ትምህርት አለው?» አትበሉ፤ ሁሉም አለው ይላችኋል። ስንት ሰዓት? የት ሆስፒታል ወይም ማዕከል? የሚቆጣጠረኝ ሰው ራሱ ምን ተምሮ ነው? ሕፃናትንም፣ አረጋውያንንም፣ የአእምሮ ሕሙማንንም አያለሁ ወይስ አንድ ዓይነት ታካሚ ብቻ? ታካሚው ቤት ድረስ እሄዳለሁ? ቢቻል የሚማር ልጅ ፈልጋችሁ «ባለፈው ወር ስንት ታካሚ አየህ?» በሉት። የተማሪ መልስ ከማስታወቂያ ይሻላል።

ይህን ያህል ሰዓት ለምን ያስፈልጋል? ሻይ ማፍላትን እንውሰድ። ውሃ ከጄሪካን መቅዳት፣ ከሰሉን ማያያዝ፣ ማንቆርቆሪያውን ማንሳት፣ ቅመሙን መውቀጥ፣ ስኳሩን መጨመር፣ ትኩሱን ሳያፈሱ መቅዳት። አንዱ እርምጃ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ሌላው ሚዛን ጠብቆ መጎንበስ፤ ሌላው ደግሞ ማስታወስ ነው፤ ስኳር መጨመሯን ረስታ ሦስት ጊዜ የምትጨምር እናት ችግሯ እጇ ላይ አይደለም። ተማሪው የሚማረው ሥራው የትኛው እርምጃ ላይ እንደሚሰበር ማየት ነው። የሰውነት አካልና የነርቭ ትምህርት፣ ሥነ ልቦና፣ ስፕሊንት መሥራት፣ ቤትን ለአካል ጉዳተኛ ማመቻቸት፣ ሁሉም ክፍል ውስጥ ይነገራል፤ የሚገባው ግን ሰው ፊት ሲቆም ነው።

በዩቲዩብና በኢንተርኔት የሚሰጡ ኮርሶችንም የምትጠይቁኝ አላችሁ። እውቀት ይጨምራሉ፤ የሚያስከፍሉ ካልሆነ ተመልከቷቸው። ባለሙያ ግን አያደርጉም።

ውጭ አገር ስለመማር ጥቂት ልበል። ሐርጌሳ ለጅግጅጋ ከአዲስ አበባ ትቀርባለች፤ ቋንቋውም አንድ ስለሆነ ብዙ ልጆች ለትምህርት ይሻገራሉ። ናይሮቢና በታንዛኒያ ሞሺ ደግሞ ይህን ሙያ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ተቋማት አሉ። የትም ብትሄዱ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። ፕሮግራሙ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከጸደቁት መካከል መሆኑን፣ እና ስትመለሱ ዲግሪያችሁ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት የሚያገኝ መሆኑን። ተመርቆ መጥቶ አቻ ግምት ፍለጋ የሚንከራተት ልጅ ያለባቸው ቤተሰቦች ይህን ምክር ከእኔ በላይ ሊነግሯችሁ ይችላሉ።

ሚኒሶታ ያለው ዘመድ የነገራችሁ ደመወዝ እውነት ሊሆን ይችላል። ያልነገራችሁ ነገር ግን አለ። አሜሪካ ውስጥ የኦኩፔሽናል ቴራፒስት ለመሆን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቢያንስ የማስተርስ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ብሔራዊ ፈተና እና የየግዛቱ ፈቃድ አለ። ስለዚህ «ይህን ተምሮ ይወጣል» በሚል ሒሳብ ብቻ ልጃችሁን ወደዚህ ሙያ አትግፉት። ሒሳቡ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው፤ መሐል ላይ የሚቀረው ልጅ ደግሞ ልቡ ከታካሚዎቹ ጋር አይሆንም።

ስለ ልብ ካነሳን፣ ከምዝገባ በፊት ራሳችሁን የምትፈትኑበት ቀላል መንገድ ልንገራችሁ። አንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቃችሁ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ወይም የተሐድሶ ማዕከል ተቀመጡ፤ ካልተቻለ በዘመድ ቤት ያለ የታመመ ሰው አጠገብ። እጁ የደከመ ሰው የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ሲታገል ተመልከቱት። አርባ ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ሳትቆልፉለት፣ ስልካችሁንም ሳታወጡ አርባውን ደቂቃ መቀመጥ ትችላላችሁ? በባህላችን ለታላቅ ሰው መሥራት ክብር ነው፤ ሲቸገር እያዩ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ይመስላል። የዚህ ሙያ ግማሹ ግን ያንን ነውር መቻል ነው። ያልቻላችሁ ከሆነ ነርሲንግ ሊስማማችሁ ይችላል፤ ነርስም በጣም ያስፈልገናል። ለቀዶ ሕክምና የሚፈጥኑ እጆችም አሉ። «ሕክምና አልደረሰኝምና በዚህ ልጽናና» ብሎ ለሚገባ ግን አልመክርም። አርባዋ ደቂቃ ታጋልጠዋለች።

አሁን ወላጅን ትቼ ለክልላችን ጤና ቢሮና ለሆስፒታል አስተዳዳሪዎች አንድ ነገር ልበል፤ አንባቢም ቢሰማው አይከፋም። ልጁ ጎንደር ድረስ ሄዶ፣ ሺህ ሰዓቱን ሠርቶ፣ ፈተናውን አልፎ ሲመለስ የሥራ መደብ ካልጠበቀው ምን ይሆናል? ወይ አዲስ አበባ ይቀራል፣ ወይ ካርድ ክፍል ይመደባል፣ ወይ ይሰደዳል። መደብ የሚፈቀደው በአንድ ቀን አይደለም፤ ጥናት፣ በጀት፣ የሥራ ዝርዝር ይፈልጋል። ተማሪው ትምህርት በጀመረበት ዓመት ካልተጀመረ በተመረቀበት ዓመት አይደርስም። በእኔ አመለካከት በጅግጅጋ ሪፈራል ሆስፒታል ሁለት፣ ከዚያ ደግሞ በቶጎ ውጫሌና በሽንሌ በኩል አንድ አንድ መደብ ቢፈቀድ፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ለወላጆች የሚናገረው ነገር ትልቅ ነው፤ «ልጃችሁ ሲመለስ ወንበር አለው» ይላቸዋል። ክልሉ ተማሪውን ከመነሻው በውል ስፖንሰር አድርጎ ቢልክ ደግሞ የተሻለ ነው። ለሐኪሞች ሲደረግ የኖረ ነገር ነው።

እናንተም ወላጆች፣ ቢሮ ስትሄዱ ይህን ጠይቁ። «ይህን ሙያ ለተማረ ሰው መደብ አላችሁ ወይ? ከሌላችሁ መቼ ልትከፍቱ አስባችኋል?» ጥያቄው በአፍ ቀርቶ በደብዳቤ ቢሆን ይመረጣል። ሃያ ወላጅ ሃያ ደብዳቤ ሲያስገባ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያነበዋል።

ፊዚዮቴራፒን ሁለተኛ ምርጫችሁ ብታደርጉት ጥሩ ነው። በአገራችን ቆየት ብሎ የተተከለ፣ ሰዉም ይበልጥ የለመደው ሙያ ነው። ሁለቱ የሚሠሩት በአንድ ታካሚ ላይ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይፈልጋል እንጂ አይተካውም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ግን ቤታችሁ ውስጥ ስትሮክ የመታው ሰው ዛሬም አለ። እስከዚያው ማድረግ የምትችሉትን ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ስታነሱት ብብቱ ሥር ወይም በደከመው ክንዱ አትጎትቱት፤ ወገቡንና ጀርባውን ደግፋችሁ እሱም በጤነኛ እግሩ እንዲገፋ አድርጉ። ሲቀመጥ የደከመው ክንዱ ተንጠልጥሎ አይዋል፤ ትራስ ወይም የተጣጠፈ ነጠላ ከሥሩ አድርጉለት። በደከመው ጎኑ በኩል ተቀምጣችሁ አዋሩት፤ ያንን ጎን አእምሮው እንዳይረሳው። ሲጎርስና ሲጠጣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ተኝቶ የሚጎርስ ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል። ይህ አንገቱ ለማይቆምለት ሕፃንም ይሠራል። ፊቱን መታጠብ ከቻለ፣ ቢዘገይም፣ ውሃው ቢፈስም፣ ራሱ ይታጠብ። ሲለብስ መጀመሪያ የደከመው እጅ ይግባ፤ ሲያወልቅ መጀመሪያ ጤነኛው ይውጣ።